መርዙ ይቆይ፣ መዝገቡ ይምጣ

ለደሴና ለኮምቦልቻ፣ ለኩታበርና ለቃሉ እኩዮቼ። ሼሆችም ቄሶችም፣ የዕድር ዳኞችም፣ ጎረምሳው ቃላችሁን ሰምቶ የሚነሣላችሁ ሁሉ፣ ስሙኝ።

መርዙን አስቀምጡት።

ሰሞኑን በየመንደሩ የሚዞረው ወሬ አንድ ነው። ጅቡ በዛ፣ ነብሩ ከየጎፍ ጫካ ወረደ፣ ቀበሮው ግልገል አላስቀር አለ ይባላል። ወሬው ሲያበቃ ከመካከላችን አንዱ ጋቢውን ሰብስቦ ይፈርዳል፤ «የሞተችው አህያ ላይ መርዝ ነስንሱና ተዉት»። ጎረምሶቹ ይህን ከራሳቸው አላመነጩትም፤ ከእኛ አፍ ነው የሰሙት። ስለዚህ የማስጠነቅቀው እነሱን አይደለም።

ብዙ ዘመን አይተናል፤ ይህን የሚክደን የለም። ያየነውን እንዴት እንደያዝነው ግን እንመርምር። በሬ የጣለውን ጅብ ሁላችንም እስከዛሬ እናወራዋለን። በዚያው ዓመት በበሽታ ያለቁትን በጎች፣ ሌባ በሌሊት የነዳቸውን ፍየሎች፣ እረኛው እንቅልፍ ጥሎት ገደል የገቡትን ጥጆች ማን ያወራል? ጅብ ደግሞ ለክስ የሚመች አውሬ ነው። አጥንቱን ሳይቀር አድቅቆ ስለሚበላ ጠዋት ላይ የሚታይ ነገር አይተርፍም። አመሻሽ ላይ በበሽታ የሞተችውን በግ ሌሊት ቢያነሣት እንኳ፣ ሲነጋ ገዳይ ተብሎ የሚቆጠረው እሱ ነው።

ምልክቱን እናውቃለን እኮ። ነብር ጉሮሮ ይዞ አንቆ ይገድልና ወደ ጥሻ ይጎትታል፤ አንዳንዴም ዛፍ ላይ ያወጣዋል። ጅብ ከሆድና ከጭን ይጀምራል፤ ኩሱም አጥንት ስላለበት ሲደርቅ ይነጣል። ተራ ቀበሮ ግልገል ይወስዳል እንጂ ትልቁን ሙክት እምብዛም አይደፍርም። ባለቤት የሌለው ውሻ ግን ሌላ ነው። በረት ከገባ አንዱን በልቶ አይወጣም፤ የብዙውን ጆሮና ጭን ዘንጥሎ፣ አብዛኛውን ሳይበላ ትቶት ይሄዳል። ይህን እያወቅን ብዙ በግ በአንድ ሌሊት ተዘነጠለ ሲባል ጅብ ነው የምንለው ለምንድን ነው? ውሻው የሰፈራችን ውሻ ስለሆነ ነው። የጎረቤትን ውሻ መክሰስ ጠብ ያመጣል፤ የራስን መክሰስ ደግሞ ያሳፍራል። ጅብ አይከራከርም።

ጅብ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። በባሌ ተራሮች ተመራማሪዎች ከየቤተሰቡ ጠይቀው በሦስት ዓመት ውስጥ በአውሬ የተበሉ 704 እንስሳትን መዝግበው ነበር። ከዚያ ውስጥ 57 በመቶው የጅብ ሆነ፤ ነብር 18፣ ቀበሮ 16 በመቶ ወሰዱ፤ የቀረው የአነር ነው። እንግዲህ በባሌ እንኳ ከመቶ አርባ ሦስቱን የበላው ሌላ ነው። የኮምቦልቻን ዳርቻ ማን ቆጠረው? የጢጣንስ?

የድሮውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ደግሞ ጅብ መቼና ለምን እንደሚደፍር ከእኛ ወሬ የተሻለ ይማራል። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1770ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ሲጽፍ፣ ከተማዋ ከምሽት እስከ ንጋት በጅብ ትሞላ እንደነበር አስፍሯል። ምክንያቱንም አብሮ ጽፎታል፤ በፍርድ የተገደሉ ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር በየጎዳናው ይጣል ነበር። ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ክፉ ቀን መጣ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ ከሀገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ጨረሰ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1966 እ.ኤ.አ. ስለዚያ ረሃብ ባሳተመው ጥናት የዘመኑን ምስክሮች ሰብስቧል። ሰው ቀባሪ ሲያጣና ሲዳከም ጅቡም ነብሩም አንበሳውም ሰው መድፈር ጀመሩ። እናንተ የ1966ቱንና የ1977ቱን ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በዓይናችሁ ያያችሁ፣ ይህን እኔ ላስረዳችሁ አይገባም። አውሬው የሚደፍረው እኛ ስንወድቅ ነው። ከጦርነት በኋላ በየሰፈሩ ጅብ ደፈረ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በዚያ ዓመት ምን ተጥሎ እንደከረመ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድታስቡበት ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ ያደረጉት ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ውስጥና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ ለቅመው በውስጡ የተገኘውን ጸጉር መረመሩ። ጾም ገብቶ እርድ ሲቆም፣ ከየቤቱና ከየሥጋ ቤቱ የሚጣለው አጥንትና ሆድ ዕቃ ለ55 ቀን ሲጠፋ፣ በኩሱ ውስጥ ያለው የአህያ ጸጉር ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ፋሲካ ሲያልፍ መልሶ ቀነሰ። ጅቡ ያው ጅብ ነው፤ የተለወጠው የእኛ ማዕድ ነው። አህያውንም ማታ ሜዳ ላይ የሚተወው እኛው ነን፤ ያረጀ የጋሪ አህያ ከከተማ ዳር ተለቆ ሲያድር የጅብ ድርሻ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ለደሴ ሊያውለው ይቸኩል ይሆናል። አትቸኩሉ። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑ ሲጾም ሙስሊሙ ያርዳል። ዐቢይ ጾም ቢገባም የሙስሊም ሥጋ ቤት አይዘጋም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሳምንት ሳይሞላ ተከታትለው ገቡ፤ አንዱ ቤት ማታ በሥጋ ሲያፈጥር የአጥሩ ማዶ ጎረቤት እስከ ፋሲካ ሽሮ ላይ ነበር። ከዚያ ደግሞ አረፋ አለ፤ በአንድ ቀን ይህ ሁሉ በግና በሬ የሚታረድበት፣ ቆዳውና ፈርሱ በየወንዙ ዳር የሚከመርበት። አረፋ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ በአሥር ዓመት ከሦስት ወር በላይ ይጓዛል። እንግዲህ ከእኛ አንዱ ተነሥቶ «ጅብ የሚከፋው በዚህ ወር ነው፤ በልጅነቴ አውቀዋለሁ» ቢል፣ የያዘው የወሩን ጠባይ ላይሆን ይችላል። በልጅነቱ በዓሉ የዋለበትን ወር ይሆናል የያዘው። በዓሉ ሄዷል፤ እሱ ግን እስከዛሬ በዚያ ወር ይጠብቃል፤ በሌላው ወር በረቱን ክፍት ይተዋል።

ስለዚህ የትግራዩ መዝገብ ለወሎ አይበቃም። የእኛ መዝገብ ሁለት የቀን አቆጣጠር ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከወሎ ሰው የተሻለ የለም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱንም የሚቆጥር ቤተሰብ ሞልቶናል።

መዝግቦ አለማንበብ ወዴት እንደሚያደርስ የታዝማኒያ ሰዎች አሳይተውናል። በአውስትራሊያ ግርጌ ባለችው በዚያች ደሴት የበግ አርቢዎች ታይላሲን የሚባለውን፣ ጀርባው ላይ መስመር ያለበትን አውሬ በግ ጨረሰብን ብለው ከሰሱት። መንግሥት ከ1888 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. ለተገደለው ሁሉ ወሮታ ከፈለ፤ 2,184 ክፍያ በመዝገብ ሰፍሯል። የመጨረሻው በሆባርት የአራዊት ማቆያ በሴፕቴምበር 7 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከብዙ ዓመት በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች የዘመኑን ደብተርና ጽሑፍ ሲፈትሹ፣ ለበጉ መጥፋት ውሻና ሌባ፣ መጥፎ አያያዝም ይበልጥ ተጠያቂ ሆነው አገኟቸው። ደብተሩ የተጻፈው አውሬው በሕይወት ሳለ ነበር፤ ያነበበው ግን አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እኛስ? በቦረና ሳይንት ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በመላ ሀገሪቱ የቀሩት ጎልማሶቹ አምስት መቶ ገደማ ናቸው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ደጋው ጠብቦበት ግልገል ከቶ አይነካም ብዬ አልምልም፤ እረኞች ነካን ይላሉ። ነገር ግን ግልገሉን የበላው ተራው ቀበሮ ሆኖ የሚሞተው ቀዩ ቢሆን ማን ይጠየቃል? በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ድሮ ነበረ፤ በጎጃም ጮቄም ነበረ። ዛሬ በሁለቱም የለም።

መርዝን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የተመረዘችውን አህያ ቀድሞ የሚያገኛት ጥንብ አንሣው ነው፤ ቀጥሎ ውሻችሁ። በህንድ ለከብት ከሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ የተነሣ ጥንብ አንሣዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በገፍ ሲያልቁ ጥንቡ ለውሻ ቀረ፤ ውሻው በዛ፣ ከእሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የመቀሌ ጥናት ደግሞ በከተማዋ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብ እንደሚያነሡ አስልቷል፤ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት የሚዛመቱበትን መንገድ ያጠብባሉ። ቦርከና ወንዝ ዳር የሚጣለውን ሁሉ ማን እንደሚያነሣው ሌሊት ወጥታችሁ እዩ።

ደብተር በግ አይመልስም ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አይመልስም። መርዝስ መልሶ ያውቃል? የአንድ ሰፈር ጅብ ቢያልቅ፣ የሚበላው እስካለ ድረስ የወዲያኛው ሰፈር ጅብ ይገባበታል። መዝገቡ ግን አንድ ካብ ደጋግሞ እንደተጣሰ ካሳያችሁ የምትጠግኑት ያንን ካብ ነው። ጥቃቱ ሁሉ ሙክት ውጭ ባደረበት ሌሊት ከሆነ ጉሮኖውን ትዘጋላችሁ። ከብት ለተበላበት ካሳ የሚከፍል ሥርዓት በሀገራችን አልተዘረጋም፤ በአንጻሩ ያለፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በአዋጅ የተከለከለ ነው። ካሳ ባይኖርም፣ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ማስረጃ ይዞ መሄድ አለበት።

የምጣደፍበት ምክንያት አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ወረቀታችንም አብሮ ሄደ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፣ ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ የስንት መሥሪያ ቤት ፋይል ጎዳና ላይ እንደተረገጠ ያየ ያውቃል። ከዚያ የተረፈው መዝገብ እኛው ነን፤ እኛም በየሳምንቱ እየተሸኘን ነው።

ግን ሁሉም አልጠፋም። የበሬ ዕድር ያለበት ሰፈር በሬ ሲሞት ያዋጣውን ከነቀኑ ጽፎታል። «በጌን የበላው ያንተ ውሻ ነው» ተባብለው ለተካሰሱ ሰዎች በሽምግልና የተጻፈ የዕርቅ ወረቀት በየሳጥናችን አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም እውነተኛው ማስረጃ ይህ ነው፤ ሁለት ባላንጣ ፊት ለፊት ተከራክሮበታል። የቀበሌ አቤቱታ አለ፤ የግብርና ጽሕፈት ቤት የከብት በሽታ ሪፖርት አለ፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ አለን፤ በግ በበሽታ እያለቀ የነበረበትን ወር ከጥቃቱ ወር ጋር ለማስተያየት ሩቅ መሄድ የለብንም። እነዚህን የልጅ ልጆቻችሁ አንድ ደብተር ላይ ይገልብጧቸው። አዲሱንም ይጨምሩበት፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ እንስሳው በረት ውስጥ ነበር ወይስ ሜዳ፣ እረኛው ማን ነበር፣ ንክሻው የት ላይ ነው፣ ዱካው ምን ይመስላል፣ በዚያ ሳምንት በአቅራቢያው ምን ታረደ፣ ምን ተጣለ። ገዳዩ ካልታወቀ «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ። ይህች ቃል ለእኛ ለሽማግሌዎች ከባድ እንደሆነች አውቃለሁ። ሰው ሊጠይቀን መጥቶ አላውቅም ማለት ክብራችንን የሚነካ ይመስለናል።

ከእንግዲህ በሸንጎ ተቀምጦ «መርዝ አድርጉበት» የሚል እኩያዬ ካለ፣ መቼ፣ የት፣ በምን ምልክት ብዬ በሰው ፊት እጠይቀዋለሁ። መልስ ካጣ ቃሉ ከነስሙና ከነቀኑ በዚያው ደብተር ይሰፍራል። ውሻ አብዶ ወይም ልጅ ተመርዞ የመጣ ዕለት የምናነበው እሱን ነው።