ለጠበቃነት የሚዘጋጅ ተማሪ ምን ይጻፍ?

ከዓምደኛው

በየሠፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። ታላቁ ሲቆጣው መልስ አያጣም፤ እናቱ ስትገሥጸው "መጀመሪያ የነካኝ እሱ ነው" ብሎ ምስክር ይቆጥራል፤ እንግዳ ፊት አያፍርም። "ይሄስ ጠበቃ ነው የሚወጣው" ይባልለታል፤ እሱም ያምናል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል፤ ማታ ማታ የአሜሪካ የፍርድ ቤት ፊልም ያያል። ለጠበቃነት የሚያደርገው ዝግጅት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ልጁን አልወቅስም። ጠበቃን በአንደበቱ መመዘን ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ በአደባባይ የተሟገቱ፣ ማርና ፈረስ የተወራረዱ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ተቋጥረው በቁራኛ ዳኛ ፍለጋ የሄዱ ሰዎች ልጆች ነን። በዚያ ችሎት ቃል ያማረለት፣ ምሳሌ የመጣለት፣ ተጠየቁን በወግ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዶታል። ታዳሚው ሳይቀር የአነጋገሩን ለዛ እያደነቀ ነው ፍርዱን የሚጠብቀው።

የዛሬው ችሎት ግን ወረቀት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክስም፣ መልስም፣ ይግባኝም በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ጽሑፉም አጭር ሆኖ ለክርክሩ መሠረት የሆኑትን ፍሬ ነገሮች ብቻ እንዲይዝ ያዛል። ፊልሙ ላይ የሚታየው ዓይነት፣ በንግግር ልባቸው የሚነካ አሥራ ሁለት ዜጎች እኛ ጋ የሉም። ያሉት መዝገብ አገላብጠው የሚወስኑ አንድ ዳኛ ወይም ሦስት ዳኞች ናቸው። በርካታ ቀጠሮ ባለበት ጠዋት ለአንድ መዝገብ የሚደርሰው የቃል ክርክር ጊዜ ጥቂት ነው። ዳኛው ጠበቃውን የሚያውቀው ድምፁን ከመስማቱ በፊት በጻፈው ነው። ነገሩን ከቅድመ አያት ጀምሮ ተርኮ፣ ስድስተኛው ገጽ ላይ "ስለዚህ ይወሰንልኝ" የሚል አቤቱታ ያነበበ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል።

እንግዲህ አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንምጣ። ተማሪያችን ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲማር የወደፊት ሕይወቱን የሚወስነው ብሔራዊ ፈተና አንድም አንቀጽ አያስጽፈውም። ክቡን ማጥቆር ነው። ታሪክም በማጥቆር፣ ኢኮኖሚክስም በማጥቆር፣ እንግሊዝኛ ራሱ በማጥቆር። የሚፈተነው ካልተጻፈ፣ የሚማረውም አይጽፍም፤ የሚያስተምረውም አያስጽፍም። በዚያ ላይ በሩ ጠባብ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በዚያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ "ድርሰት ጻፍ" የሚል መምህር እንደ ቅንጦተኛ ቢታይ አይገርምም። ወላጅ የሚከፍለው ለማጥቆር ስልት ነው።

(ሒሳብ ጠልቶ ወደ ሕግ የሚሸሸውን ልጅም ሳልጠቅሰው አላልፍም። አንደኛ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝም ሒሳብ ይፈተናል። ሁለተኛ፣ ውርስ የሚያካፍለው፣ ወለድና ካሳ የሚያሰላው ማን ሊሆን ነው?)

ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝ የቋንቋው ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚጻፈውም የሚነገረውም በእሱ ነው። አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የሕግ ትምህርቱ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚያስገባው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም አማርኛ የለም፤ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስኪቀር ድረስ ቢያንስ እዚያ ይፈተኑት ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሥራውን የሚሠራበትን ቋንቋ በቁም ነገር ሳይጽፍበት ተመርቆ ይወጣል። ከዚያ የመጀመሪያውን የመከላከያ መልስ በአማርኛ ጻፍ ሲባል፣ በእንግሊዝኛ ያጠናውን በልቡ እየመለሰ አማርኛ የማይመስል አማርኛ ያመጣል። ኦሮሚያ ውስጥ ለሚሟገተው በአፋን ኦሮሞ፣ ትግራይ ላለው በትግርኛ ችግሩ ያው ነው። "እንግሊዝኛህን አጠንክር" የሚለውን ምክር አልቃወምም፤ ያለ እሱ ዩኒቨርሲቲውን መዝለቅ አይቻልም። ግን ምክሩ ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ለልጁ የሚነግረው ሰው አላገኘሁም።

ታዲያ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምን ያድርግ? ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይክፈት። 3367 አንቀጽ አለው፤ ሁሉን ያንብብ የሚለው የለም። ስለ ብድር የሚናገረውን ቁጥር 2472 ያውጣና፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ችሎት ፊት በሚሰጥ እምነት ወይም በሚፈጸም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ ይረዳ። ከዚያ አጎቱ ለጎረቤቱ በቃል ብቻ ሃያ ሺህ ብር አበድሮ ተከዳ እንበል። የአጎቱን ክስ በአንድ ገጽ ይጻፍ። በማግስቱ የጎረቤቱን መልስ፣ ያውም አጎቱን እንዲያሸንፍ አድርጎ ይጻፍ። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ምን ያህል ገንዘብ እንደነበረ፣ ዛሬ ስንት እንጀራ እንደሚገዛ ሲያስብ ደግሞ ሕግ አውጪ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ራሱ ይጠይቃል። ከመቶ የምርጫ ጥያቄ ይልቅ ይህን አንድ ልምምድ እመርጣለሁ።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት ውሳኔዎችም በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ። ሰበር በሕግ ትርጉም ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ልጁ የሚያነበው የሞተ ታሪክ አይደለም። ቋንቋው መጀመሪያ ይጎረብጣል፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይፈጃል። የጎረበጠውን ፈትቶ በራሱ ቃል ማሳጠር ነው ልምምዱ። ደግሞም ችሎት በመርሕ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በእረፍቱ ቀን ልደታ ፍርድ ቤት ሄዶ ፍተሻውን አልፎ የኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ጠበቃ ሲጮህ ሳይሆን "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አባሪ ሦስት ላይ እንደተመለከተው" ሲል ይሰማል። ሥራው ካልሰለቸው ተስፋ አለው። ከሰለቸውም አምስት ዓመት ሳያባክን ማወቁ ትርፍ ነው።

ትምህርት ቤቶችስ? የአማርኛ መምህሩ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል በየሳምንቱ ድርሰት ያርም ማለት ቀልድ ነው። አራሚ ግን ሞልቷል። ብዙዎቹ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ አቅም ለሌለው ሰው አቤቱታ የሚጽፉት እዚያ ያሉ የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ጠበቆችም ያለ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ ግዴታ አለባቸው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 የፌዴራል ጠበቆችን በማኅበር ስላሰባሰበ፣ ይህን ሥራ የሚያስተባብር አካልም አለ። ማኅበሩ አንድ ጠበቃ በአቅራቢያው ላለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ክስና መልስ ሲያርም የሚያጠፋውን ሰዓት በነጻ አገልግሎት ይቁጠርለት። ትምህርት ሚኒስቴር በበኩሉ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች አንድ ገጽ የሚያስጽፍ ጥያቄ ይጨምር። በፈተናው የሚያልፉት ጥቂት እስከሆኑ ድረስ የእነዚያን ጽሑፍ ብቻ ለይቶ ማረም ከአቅም በላይ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ስሌቱን ያሳየን።