ሽልማቱ ክረምቱን ይለፍ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በውጭውም ዓለም በአገራችንም የኪነ ሕንፃ ድርጅቶች «ለዘላቂ ንድፍና ለማኅበራዊ ኃላፊነት» በሚል ስም የክብር ምስክር ወረቀት ሲቀበሉ ማየት የተለመደ ሆኗል። አዳራሹ በአበባ ያጌጣል፤ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋል፤ የሕንፃው ምስል በሸራ ላይ ይታያል፤ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ይህን የምንጽፈው ሥነ ሥርዓቱን ለማንቋሸሽ አይደለም። ደራሲና ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛና ተዋናይ በሚሸለምበት አገር ነዳፊው ባዶ እጁን ይቅር የሚል ቢኖር ከኛ ወገን አይደለም። ክርክራችን ሌላ ነው። ለመሆኑ ሕንፃው «ዘላቂ» ተብሎ የተመሰገነው ስንት ክረምት ካሳለፈ በኋላ ነው? «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የተባለውስ በማን ምስክርነት ነው? በነዳፊው መግለጫ ነው ወይስ በውስጡ በሚኖረው፣ በሚማረው፣ በሚታከመው ሰው?

ከአገራችን አንድ የታወቀ ሥራ እናንሣ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ሕንፃ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ የአጋ ካን የኪነ ሕንፃ ሽልማት ተቀብሏል። ንድፉ የሁለት ሆላንዳውያን፣ የዲክ ቫን ጋመረንና የብያርነ ማስተንብሩክ ሲሆን የአገር ውስጥ አጋራቸው ኢትዮጵያዊቷ አርክቴክት ራሔል ሻውል ነበሩ። ሕንፃው በባሕር ዛፍ መካከል እንደ ቀይ ቋጥኝ የተጋደመ ረጅምና ዝቅ ያለ ነው። ኮንክሪቱ የአፈራችንን ቀለም ተነክሯል፤ በጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ የዝናም ውሃ እንደ ኩሬ ይተኛል። ተመልካቹ ሁሉ ላሊበላን አስታወሰን አለ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ ቅናት ይሆናል። ነገር ግን ኤምባሲ በአጥር የተከበበ፣ በር ጠባቂ የቆመበት ቤት መሆኑንም አንዘነጋም። ስለዚህ ከዚህ ሽልማት ለኛ የሚጠቅመው የቀዩ ኮንክሪት መልክ አይደለም፤ ሽልማቱ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። የአጋ ካን ሽልማት ገና በወረቀት ላይ ያለ ንድፍ አይሸልምም፤ ሥራው ተጠናቆ ቢያንስ አንድ ዓመት ሲያገለግል መቆየት አለበት። ለመጨረሻው ውድድር ወደ ታጨው ሥራ ባለሙያ ይላካል፤ ባለሙያው ግድግዳውን ያያል፣ ተጠቃሚውን ያነጋግራል፣ ያየውን ለዳኞች ያቀርባል። ገንዘቡም ለነዳፊው ብቻ አይሰጥም፤ አሠሪውም፣ ሠሪውም፣ የእጅ ባለሙያውም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ዓመት ለኛ አገር ክረምት ጥቂት ነው እንላለን፤ መሠረቱ ግን ትክክል ነው። የሕንፃ ጥበብ እንደ ሥዕል በአንድ እጅ ተሠርቶ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይደለም። ጠራቢው፣ ግንበኛው፣ አናጺው፣ ለሳኙ፣ ጭቃ አቡኪዋ ያሉበት የጋራ ሥራ ነው። የነሱን ስም ያላነሣ ምስጋና የተመሰገነውን ሥራ ግማሹን አላየም።

ላሊበላን ካነሣን አይቀር፣ የወሎን ሰው በቅርብ የሚያሳስበውን እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዝናም እየበላቸው ስለሆነ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. አራት ትላልቅ መጠለያዎች ቆመውላቸዋል። ንድፉ በዓለም አቀፍ ውድድር የተመረጠ ነበር። ዓላማው በጎ፣ ጊዜያዊም የተባለ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ካህናቱና የከተማው ነዋሪ «ይህ ብረት ክብደቱ ለቅርሱ ያሠጋል፣ ነፋስ ቢጥለውስ?» እያሉ መጮህ ጀመሩ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ ጥያቄውን ይዞ አደባባይ ወጣ። በውድድሩ ቀን ዳኛ ፊት የቆመው ሥዕል ነው፤ ዛሬ በሥሩ ቆሞ ማሕሌት የሚያደርሰው ግን ካህኑ ነው። የዳኝነቱ ወንበር ከሁለቱ ለማን ይገባ ነበር?

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በተዳፋት መካከል የተዘረጋች ከተማ ናት። ከተራራው የወረደው ልል አፈር በክረምት ውሃ ሲጠግብ ይንሸራተታል፤ የመሬት መንሸራተት በዚች ከተማ የቆየ ችግር መሆኑን የሥነ ምድር ባለሙያዎች በተደጋጋሚ አጥንተዋል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ዘላቂ ንድፍ ማለት ምንድን ነው? በፀሐይ ኃይል የሚበራ አምፖል ነውን? አይደለም ባንልም፣ ከዚያ አስቀድሞ የሚጠየቅ አለ። ለመሠረቱ ሲባል ተዳፋቱ ስንት ሜትር ተቆረጠ? የድጋፍ ግንቡ ጀርባ ውሃ መውጫ አለው? ከጣሪያው በአሸንዳ የወረደው ውሃ የት ይሄዳል? በታች ባለው ጎረቤት ምድጃ ላይ ይሆን? በደሴ የአንዱ ግቢ ፍሳሽ የሌላው መሠረት መሸርሸሪያ ነው። ስለዚህ ማኅበራዊ ኃላፊነት በጉባኤ የሚነገር ቃል ሆኖ አይቀርም፤ የአንድ ክንድ ስፋት ያላት ቦይ ሆና መሬት ላይ ትገኛለች። ለዚች ቦይ ዋንጫ የሰጠ ዳኛ እስከ ዛሬ አላየንም። ከመንገድ ፊት የተለጠፈው መስታወት ግን ሁልጊዜ ፎቶግራፍ አለው።

«ደሴ ድሃ ከተማ ናት፤ ዘላቂነት የሀብታም ወግ ነው፤ አስቀድሞ ፎቅ ይቁም» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣናል። ለመጠገኛ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው የማይፈርስ ቤት የሚያስፈልገው! ደግሞም የብዙው ነዋሪ ቤት ከባሕር ዛፍ ምሰሶና ማገር፣ በጭድ ከታሸ ጭቃና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። ይህን ቤት «ኋላ ቀር» ብሎ ከማለፍ፣ ጉድለቱን ለይቶ፣ ከመሠረቱ እርጥበት፣ ከምሰሶው ምስጥን አርቆ ማሻሻል የአንድ የኪነ ሕንፃ ድርጅት የሙያ ግዴታ ነው። የሚቻል መሆኑም ታይቷል። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የኪነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከተጠቀጠቀ አፈርና ከአፈር ብሎኬት ሠርቷል፤ ወለልና ጣሪያውን የተሸከመው ያለ ብረት የተገነባ ቅስት ነው። በቡርኪና ፋሶ የጋንዶ መንደር ተወላጅ የሆነው ፍራንሲስ ኬሬም የመንደሩን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያቆመው በዚያው አፈርና በዚያው ሕዝብ ጉልበት ነበር። ከጡቡ ግድግዳ በላይ ቆርቆሮውን ከፍ አድርጎ ስለሰቀለው ሙቀቱ በመካከል ይወጣል። በ2004 የአጋ ካንን ሽልማት፣ በ2022 ከአፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆኖ ፕሪትዝከርን ተቀበለ። ኬሬ የተሸለመው ጭቃን በመውደዱ ብቻ አይደለም፤ ዝናምና ሙቀትን ስላወቀ፣ ሕዝቡንም ስላሳተፈ ነው። የኛ ጭቃ አቡኪ ከጋንዶ ሰው ምን ያንሳል?

ከደሴ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከመምጣቱ በፊትም ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ነበሯት። ሊዮሌና ወርቃ የተባሉት ጅረቶች የፋብሪካ ፍሳሽ እየተቀበሉ ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ ጥናቶች እንደ ክሮምና ዚንክ ያሉ ብረቶችን በውሃው ውስጥ አግኝተዋል። ከታች ያለው ገበሬ በቦርከና ውሃ ያጠጣል፤ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል። እንግዲህ የፋብሪካን ሕንፃ የነደፈ ድርጅት «በመስኮቶቼ የተፈጥሮ ብርሃን አስገባሁ» ብሎ ቢሸለም፣ የፍሳሹን ቧንቧ ጫፍ ማን ይጠይቅ? የንድፍ ድንበር የግቢው አጥር አይደለም። በኮምቦልቻ የንድፍ ድንበር ወንዙ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ሥራ አለ፤ ጥገና። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና ሙዚየሙ ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። የተሰበረን በር ገጥሞ፣ የተነቀለን ሽቦ ዘርግቶ፣ የሕሙማንን ክፍል መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ለፎቶግራፍ አይመችም። አዲስ ሲሚንቶ ሳያባክን ያለውን ማዳን ግን ዘላቂነት ካልተባለ ቃሉ ትርጉም የለውም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉን አንባቢ ያውቃል። ስሙ ትልቁንም ትንሹንም ሳይንቅ ያስተናግዳል ማለት ነው። የሕንፃን ማኅበራዊ ግዴታ በአንድ ቃል የሰየሙ ሰዎች ከተማ ናት፤ መመዘኛ ከሩቅ የምትለምንበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የባህል ማኅበራት፣ የሙያ ማኅበሩና በኮምቦልቻ ያሉት የቴክኖሎጂ መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠው የወሎን የኪነ ሕንፃ ሽልማት ደንብ እንዲያወጡ እንጠይቃለን። ሕንፃው አምስት ክረምት ሳይሞላው አይታጭ። ከዳኞች አንዱ ግንበኛ፣ አንዷ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ትሁን፤ የትኛው ጥግ እንደሚያፈስ ከርሷ የሚበልጥ የሚያውቅ የለም። በምስክር ወረቀቱ ላይ ከድርጅቱ ስም ጎን የጠራቢውና የአናጺው ስም ይጻፍ። የዳኞቹም ጉብኝት በጥቅምት ፀሐይ መሆኑ ቀርቶ በነሐሴ ይሁን፤ ጃንጥላ ይዘው ይምጡ፣ ከጦሳ የሚወርደው ውሃ በየትኛው ግቢ እንደሚያልፍም በእግራቸው ተከትለው ይዩ።