ሰዓት ቈጥሮ መብላትና እህልን መቀነስ ውፍረትን ለመቀነስ ስላላቸው ጥቅም

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማ ነዋሪዎች ዘንድ፥ ይልቁንም ሥራቸው ተቀምጦ መዋል በሆነ ሰዎች መካከል፥ ውፍረትን ይቀንሳል የተባለ አንድ የአመጋገብ ሥርዓት ተስፋፍቷል። ይኸውም ሁለት ነገር የተጣመረበት ነው። አንደኛው በቀን ውስጥ ስምንት ሰዓት በሚያህል ጊዜ ብቻ በልቶ የቀረውን አሥራ ስድስት ሰዓት ከምግብ መከልከል ሲሆን፥ ሁለተኛው እንጀራን፥ ዳቦን፥ ፓስታን፥ ድንችንና ስኳርን፥ ባጭሩ ኃይል ሰጪ የሚባሉትን ምግቦች እጅግ መቀነስ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው የሚጠቅም ከሆነ ሁለቱ ሲጣመሩ እጥፍ ይጠቅማሉ የሚለው አሳብ ለጆሮ የሚጥም ስለ ሆነ ብዙዎች ማንንም ሳይጠይቁ ይጀምሩታል። እኛ ግን ይህን ስሌት አንቀበለውም።

እህልን ቀንሶ መክሳት አዲስ ግኝት አይደለም። ዊሊያም ባንቲንግ የተባለ፥ በለንደን ከተማ ቀብር ማስፈጸም ሥራው የነበረ ሰው፥ ሐኪሙ እንዳዘዘው ዳቦን፥ ስኳርን፥ ቢራንና ድንችን ትቶ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ሃያ ኪሎ ገደማ መቀነሱን የሚገልጽ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. አሳትሞ ነበር። ሰውየው በቀን አራት ጊዜ ይበላ ስለ ነበር ሰዓት መቍጠር የሚባለውን ከቶ አላወቀውም።

እህልን ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ቢቀንስ ሊያስደንቀው አይገባም። ሰውነታችን ከእህል ያገኘውን ስኳር ከፊሉን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል፤ ከተከማቸውም ከእያንዳንዱ ግራም ጋር ሦስት ግራም የሚያህል ውሃ አብሮ ይያዛል። ክምችቱ ሲያልቅ ውሃው በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት በሚዛን ላይ ከታየው አብዛኛው የወጣው ውሃ እንጂ የቀለጠ ስብ አይደለም፤ ሰውየውም ወደ እንጀራው በተመለሰ ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ይመለሳል። ብዙ ሰዎች «ሞክሬው ነበር፥ ነገር ግን ወዲያው መለሰኝ» እያሉ ተስፋ የሚቈርጡት ይህን ባለማወቃቸው ነው።

ስለ ሰዓቱም ቢሆን የተደረገው ምርመራ የሚያሳየው ከሚወራው ያነሰ ነው። በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በታተመ ምርመራ በቻይና አገር በጓንግዡ ከተማ ውፍረት ያለባቸው 139 ሰዎች ሁሉም የምግባቸው መጠን እንዲቀነስ ተደረገ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰዓት የጠበቁት 8 ኪሎ፥ ያልጠበቁት 6.3 ኪሎ በአማካይ ቀንሰው ተገኙ፤ መርማሪዎቹም ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው የማይበልጥ መሆኑን ገለጹ። ከዚያ ቀደም በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በታተመ ሌላ ምርመራ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ እህልን፥ ግማሾቹ ቅባትን እንዲቀንሱ አድርጎ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ እህል የቀነሱት 6 ኪሎ፥ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ ይህም እንደ ልዩነት የሚቈጠር አልነበረም። በሁለቱም ወገን እጅግ የከሱ እንዳሉ ሁሉ የወፈሩም ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ክብደትን የሚቀንሰው በጠቅላላው የሚበላው ምግብ ማነሱ መሆኑን ነው። ሰዓት መጠበቅ ማታ ማታ መቈነጣጠር ለለመደ ሰው ጥሩ አጥር ሊሆነው ይችላል፤ እህል መቀነስም እንዲሁ። በአጥሩ ውስጥ እንደ ልቡ ለሚበላ ግን አንዱም ሌላውም አይረዳውም።

ለዚህስ ወደ ቻይና መሄድ ምን ያስፈልገናል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምግብ ተከልክሎ መዋል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የእስልምና ተከታዮችም በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይጾማሉ። ጾም ስለ ነፍስ የታዘዘ ስለ ሆነ በዚያ በኩል መናገር የሃይማኖት አባቶች ሥልጣን ነው፤ እኛ የምንናገረው ስለ ማዕዱ ብቻ ነው። ሰዓት መጠበቅ ብቻውን የሚያከሳ ቢሆን ኖሮ በፋሲካ ዋዜማ በከተሞቻችን ቦርጫም ሰው ባልተገኘ ነበር። የጾም ወጥ በዘይት ተጥለቅልቆ ይቀርባል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። በቀን አምስት ስኒ ሻይና ቡና በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ስኳር፥ ማለት 240 ካሎሪ፥ ሳያስበው ጨመረ ማለት ነው። በገበታችንም ወጥ ቢተርፍ እንጀራ ይጨመራል፥ እንጀራ ቢተርፍ ወጥ ይጨመራል፤ ሁለቱ እኩል አልቀው ያየን ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ላይ የባለቤቲቱ «ብሉ እንጂ፥ ምነው?» አለ፤ እምቢ ማለትም እንደ ነውር ይቈጠራል።

እጅግ የምናዝነው ግን በሁዳዴ ጊዜ እህል ተው የሚለውን ምክር ቃል በቃል በሚከተሉ ሰዎች ነው። ሥጋ፥ እንቁላልና ወተት በጾሙ ተከልክለዋል፤ እንጀራውም ቀረ። ከ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 60 ግራም ያህሉ ኃይል ሰጪ ነው የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው ምስሩንና ሽሮውንም ይተዋል። የሚቀርለት ጎመንና ዘይት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መክሳቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ሰውነት ገንቢ ምግብ ስለሚጐድለው ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሟሽሻል፥ ጉልበቱም ይደክማል። ስለዚህ በጾም ወራት ምስር፥ አተር፥ ባቄላና ሽምብራ ፈጽሞ ከገበታ መጥፋት የለባቸውም። መቀነስ የሚገባው የሚጨመረው እንጀራ፥ ስኳሩ፥ ለስላሳ መጠጡና የዘይቱ ብዛት ነው። ይህ እንደ አዲሱ ሥርዓት ስም ያለውና የሚያስወራ አይደለም፤ ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ሊያዝ የሚችል ነው።

መምህራንን የምንለምነው ደግሞ አለ። ከፍ ያሉ ተማሪዎች፥ በተለይ ልጃገረዶች፥ ይህን ሥርዓት ከትልልቆች እያዩ ቁርስ ትተው ትምህርት ቤት መምጣት ከጀመሩ እንዲመክሯቸው ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅ፥ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሊሞክሩት አይገባም።

ዋናው አደጋ በስኳር በሽተኞች ላይ ያለው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ክኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወስዶ ምግቡን በሰዓትም በዓይነትም ቢቀንስ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ለዚህ እምብዛም አያሰጋውም፤ ነገር ግን ሁሉም አስቀድመው ሐኪማቸውን አማክረው የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ሊያስተካክሉ ይገባል። መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥም ከዚህ ያላነሰ አደጋ አለው። የስኳር መውረድ ምልክቱ ላብ፥ መንቀጥቀጥ፥ የልብ ምት መፍጠንና የአሳብ መደናገር ነው። ይህ የታየበት ሰው ሰዓቱ እስኪደርስ ሳይጠብቅ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው ይድገም፤ ከዚያም ምግብ ይብላ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።