ደገኛ ነኝ ማለት አይበቃም

«እኛ ደገኞች ነን፤ ከፍታ ምን ያደርገናል?» የሚል አነጋገር ወደ ራስ ዳሸን ለመውጣት ከሚሰናዱ ወጣቶች አንደበት ይሰማል። በእኔ አስተያየት ከገደሉ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ትምክሕት ነው። በደጋ መኖር በጥቂቱ እንደሚረዳ አልክድም። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን፥ ራስ ዳሸን (የአገሩ ሰው ራስ ደጀን ይለዋል) ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሹ ብዙም አያልፍም። ሰውነት ይህን የሚለምደው በጉልበት ሳይሆን በቀናት ብዛት ነው።

ስለዚህ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፥ በግጭና በጨነቅ እያደሩ መጓዝ ጊዜ ማባከን አይደለም። መኪና እስከ ጨነቅ ስለሚደርስ «ቀን ቆጥበን በማግሥቱ እንውጣ» የሚሉ አሉ። የተቆጠበው ቀን ግን ብዙውን ጊዜ በራስ ምታት፥ በማቅለሽለሽና በእንቅልፍ ማጣት ይከፈላል። ከጨነቅ ወዲያም መንገዱ ወጥ ዳገት አይደለም፤ በቧሒት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ አውጥቶ እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይመልሳል። የወረዱትን ሁሉ እንደገና መውጣት አለ። ሌሊቱም ውርጭ ነው፤ ጋቢ ብቻ አይመክተውም።

ከሁሉ የከፋው ሕመምን መደበቅ ነው። ባልንጀሮቹን ላለማስቀረት ሲል ዝም ብሎ ሽቅብ የሚወጣ ሰው፥ ሕመሙ ወደ ሳንባው ወይም ወደ አንጎሉ ሊዘልቅና ሊገድለው ይችላል። ራሱን ያመመው ሰው ባለበት ይረፍ፤ ከባሰበት ጫፉ በቅርብ ቢታየውም እንኳ ሳይውል ሳያድር ይውረድ። ማን አብሮት እንደሚመለስ ጓደኛሞቹ ገና ደባርቅ ሳሉ ቢወስኑ ይሻላል።