ለሚፈተን ልጅ እንቅልፍም ጥናት ነው

ውድ ወላጆች፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ ሌሊቱን መብራት ሳይጠፋባቸው የሚያድሩ ቤቶች አሉ። ጭንቀቱ ይገባኛል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ልጁም ወላጁም ከእንቅልፍ ሰዓት መቀነስን እንደ ትጋት ቆጥሮታል።

የአንጎል ሥራ ግን ሌላ ይላል። ቀን የተማርነውን መጀመሪያ የሚይዘው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ያ ትምህርት እየተደጋገመ ይጠናከራል፤ ቀስ በቀስም ለረጅም ጊዜ ወደሚቆይበት የአንጎል ክፍል ይሸጋገራል። ትምህርትም በተራው እንቅልፍን ይለውጣል፦ አዲስ ነገር ስንለማመድ የሠራው የአንጎል ክፍል ሌሊት ጠለቅ ብሎ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት አጥንተው የተኙ ተማሪዎች አጥንተው ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ ይልቅ የበለጠ አስታውሰዋል።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢነሳ 8 ሰዓት ሞላለት፤ ጸጥ ያለ የማለዳ ጥናትም አገኘ።

አገራችን የቡና አገር ነውና ቡና ተዉ አልልም። ነገር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከተጠጣ ቡና ውስጥ የካፌይኑ ግማሽ ያህል እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። የተፈታኝ የመጨረሻ ስኒ ከምሳ በኋላ ያለው ይሁን። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ትምህርት አያስቀምጥም።

ሴቶች ልጆቻችንን ደግሞ እንይ። ቡና አፍልታ፣ ዕቃ አጥባ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ደብተር የምትገልጥ ልጅ የምታጠናው ከእንቅልፏ ቆርሳ ነው። እስከ ፈተናው የማታውን ሥራ ወንድሞቿ ይካፈሏት።

በፈተናው ዋዜማ አዲስ ምዕራፍ አይጀመርም። የተጠናውን አንድ ጊዜ ቃኝቶ መተኛት ይበቃል። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ካለው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መልካም ዕረፍት፣ መልካም ፈተና።