ባለቤት የሌለው እንስሳ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ከተማ በፈረሰኞች ትሞላለች። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን በኮርቻና በመርገፍ አስጊጠው ወደ አደባባይ ይወጣሉ። ፈረስ ለአዊ ሕዝብ በጦርነት ጊዜ ባልንጀራ፣ በእርሻ ጊዜ ረዳት፣ በሠርግና በለቅሶ ጊዜም ክብር ሆኖ ኖሯል። ከብት ሲታመም ሐኪም ይፈለግለታል፤ ድርቅ ሲመጣ ድርቆሽ ይቀመጥለታል። ይህ ሁሉ የሚደረግለት ባለቤት ስላለው ነው።

የዱር እንስሳ ግን ባለቤት የለውም። ሲታመም የሚያየው፣ ሲራብ የሚያስብለት፣ ሲሞት የሚቈጥረው ሰው አይገኝም። በእኔ አስተያየት የዱር እንስሳት ከምድር ገጽ የሚጠፉት ጠላት ስለበዛባቸው ብቻ አይደለም፤ «የእኔ ናቸው» የሚላቸው በመጥፋቱም ጭምር ነው። ይህን አሳብ የሚያስረዳ ምሳሌ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ በጎጃም ምድር እናገኛለን።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም። የሚኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባሉ የደጋና የውርጭ አገሮች ሲሆን፣ ምግቡም በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። በዛሬው ጊዜ ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ቀድሞ ይኖርባቸው ከነበሩትና ፈጽሞ ከጠፋባቸው ተራሮች አንዱ የጮቄ ተራራ ነው። ቀይ ቀበሮን እናጥፋ ብሎ የዘመተ ሠራዊት ግን አልነበረም። ማረሻ ከዓመት ወደ ዓመት ሽቅብ ወጣ፤ ሣሩ በከብት ተጋጠ፤ የቀበሮው መኖሪያም እያደር ጠበበ። በዚህ ላይ ከብት የሚከተሉ ውሾች በሽታ ይዘው ወደ ቀበሮው መንደር ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የገደለው በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መንዝ እንሻገር። በዚያ የሚገኘው የጓሣ ምድርም እንደ ጮቄ ከፍተኛ ደጋ ነው፤ በዙሪያውም እንደ ጮቄ ሁሉ ገበሬ ይኖራል። ልዩነቱ የጓሣ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ የቈየ የጥበቃ ደንብ ያለው መሆኑ ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ የሚያገለግለው የጓሣ ሣር ለተወሰኑ ዓመታት ተከልክሎ ይቈይና በስምምነት ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ቢላላም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ አድሶ ቀጥሎበታል። ውጤቱም ይታያል፤ ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሣ ይኖራል። እንግዲህ ጓሣን ያዳነው ሀብት አይደለም፤ ባለቤትነት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን፣ «ለሰው ያልበቃ መሬት እንዴት ለቀበሮ ይሰጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም፤ መሬት የጠበበበት ገበሬ የሚያነሣው እውነተኛ ጥያቄ ነውና። ሆኖም የመንዝ ገበሬ ሣሩን የጠበቀው ለቀበሮው ሲል ሳይሆን ለራሱ ቤት ክዳን ሲል እንደ ነበረ ልብ በሉ። የእንስሳው መኖሪያና የሰው መኖሪያ አንድ ናቸው። ጮቄም የብዙ የዓባይ ገባር ወንዞች መነሻ ነው፤ የተራራው ሣር ሲራቈት ቀበሮው ብቻ ሳይሆን ምንጩም ይጎዳል።

ሌላ ማስረጃ ደግሞ ከውጭ አገር እንጥቀስ። በህንድ አገር ለከብት ሕመም ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት፣ የሞተ ከብት የሚበሉትን ጥንብ አንሳዎች ይመርዝ ነበር። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከአንዳንዶቹ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት አለቁ። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው በ2006 ነበር። እስከዚያው ጥንቡን የሚያነሣ ጠፍቶ ባዘኑ ውሾች ተበራከቱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም በሰው ላይ አየለ። በአገራችን ከተሞች በቄራዎች አካባቢ የምናየው፣ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበት ጥንብ አንሳም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አዕዋፍ አንዱ ነው። ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ይህን የጽዳት ሠራተኛ የምናከብረው ከጠፋ በኋላ ነውን?

ስለ አዊም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው የተራቈተ መሬት አልብሰዋል፤ ከከሰሉም ገቢ አግኝተዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቈርጦ ከሰል የሚሆን ዛፍ ነባሩን ደን ሊተካ አይችልም። ጦጣውና ወፉ የሚኖሩት ፍሬ በሚሰጡና ዕድሜ በጠገቡ ልዩ ልዩ ዛፎች መካከል ነው። ስለዚህ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀሩት የአገር በቀል ዛፎች ከማገዶ በላይ ዋጋ እንዳላቸው ልንገነዘብ ይገባናል።

ታዲያ ከእናንተ ከተማሪዎች ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ የቤታችሁ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲያገኝ ወላጆቻችሁን አሳስቡ። ሁለተኛ፣ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ መርዝ የተቀባ ሥጋ በሜዳ እንዳይጣል ተናገሩ፤ መርዙ ጥንብ አንሳውንም ይፈጃልና። ሦስተኛ፣ በአካባቢያችሁ የቀሩትን አራዊትና አዕዋፍ በስማቸው ዕወቁ፤ ድሮ ነበሩ፣ ዛሬ ግን የሉም የሚባሉትንም ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ መዝግቡ። ሰው ስሙን ለማያውቀው ነገር ባለቤት ሊሆን አይችልም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የጮቄው ቀይ ቀበሮ ይህ ምክር አልደረሰለትም። በአካባቢያችሁ ላሉት ግን ገና ጊዜ አለ፤ ባለቤታቸውም እናንተ ናችሁ።