በአደባባይ የተቀመጠ ፒያኖ ጠባቂ ይሻል

የሕዝብ ንብረት የሚጠፋው በሌባ እጅ ብቻ አይደለም፤ ባለቤት በማጣትም ይጠፋል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በአዳራሽ፥ በትምህርት ቤት፥ በሆቴልና በመንገደኞች ማረፊያ በሚቀመጠው ፒያኖ ላይ ሲፈጸም ይታያል። ፒያኖ አካሉ ግዙፍ ስለ ሆነ ለሚያየው ሰው የማይጎዳ ብርቱ ዕቃ ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን እጅግ ረቂቅ ሥራ ነው።

በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ፒያኖ ግን በጣት የሚጫኑ 88 ቁልፎችና ከ200 የሚበልጡ የብረት አውታሮች አሉት። አውታሮቹ ተወጥረው በአንድነት የሚስቡት ኀይል በብዙዎቹ ፒያኖዎች ከ15 ሺሕ ኪሎ ክብደት ይበልጣል፤ ይህንም የሚሸከመው የብረት መቃን ነው። ድምፁን የሚያጎላው ስስ ሳንቃ ግን በክረምት ርጥበት ያብጣል፥ በበጋ ድርቀት ይኰማተራል፤ መዶሻዎቹ የተለበጡበትን የበግ ጠጉርም ብል ይበላዋል። እንግዲህ በክዳኑ ላይ የአበባ ማሰሮ ወይም የሻይ ብርጭቆ የሚያኖር፥ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ሥር የሚያቆም፥ ለስብሰባ ቦታ ሲፈልግ እየጎተተ የሚያንገላታ፥ ሳያውቅም በጡጫ የሚደበድብ ሰው ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ መገመት አያስቸግርም።

ይህን ጥፋት አይቶ ፒያኖውን መቆለፍና መክፈቻውን በኪስ መያዝ ብቻውን በቂ መድኀኒት የሚመስለው ሹም ይኖራል። ነገር ግን ለዘወትር የተዘጋ ፒያኖ ቅኝቱ ሲፈርስ የሚሰማ ሰው የለም፤ ብልና አይጥ ቢገቡበትም የሚያይ የለም። ለመማር የሚሻው ወጣት ይከለከላል፤ ትዕግሥት የጎደለውም ክዳኑን ፈልቅቆ እንጨቱን ይሰነጥቃል። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ዕቃ በመሬት እንደ ተቀበረው መክሊት ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱን ማስማማት እንደሚቻል በሌላ አገር የተደረገው ያስረዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በኒውዮርክ ከተማ 60 ፒያኖዎች በየአደባባዩና በየመናፈሻው ቆመው፥ መንገደኛው ሁሉ እንዲጫወትባቸው ተፈቅዶ ነበር። ሆኖም ለየፒያኖው ጠዋት የሚከፍት፥ ዝናብ ሲመጣ ሸራ የሚያለብስ፥ ማታም የሚቆልፍ ጠባቂ ተመድቦለት ነበር። በጥንቃቄ የተያዘ ፒያኖም ዕድሜው ረዥም ነው፤ የፒያኖ ፈልሳፊ የኢጣልያው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ በ1720 የሠራው ዛሬም በዚያው በኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል።

የአብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮችም ይህን ሥርዐት አስቀድመው ያውቁታል። ንዋየ ቅድሳቱ በዐቃቤ ንዋይ እጅ ተቈጥሮ ይጠበቃል፤ በአገልግሎት ጊዜ ይወጣል፥ አገልግሎቱ ሲፈጸም ይመለሳል። ስለ ጥበቃ ተብሎ ማሕሌት አልተከለከለም፤ ስለ ማሕሌትም ተብሎ ከበሮው በደጅ አልተጣለም።

ፒያኖ የባዕድ ዕቃ ነውና ቢጠፋ ግድ የለም የሚል ቢኖር፥ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያስብ። እኒህ እናት በልጅነታቸው በስዊዝ አገር ሙዚቃ ተምረው፥ ከመነኰሱም በኋላ ፒያኖን ሳይተዉ፥ ከሸክላቸው የተገኘውን ገቢ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች መርጃ አውለው፥ በ2015 ዓመተ ምሕረት በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። በአዲስ አበባም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ለኢትዮጵያ ልጆች ያስተምራል። ነገ እንደ እማሆይ ያለ የሚወጣው፥ ዛሬ ደኅና ፒያኖ ያገኘ ልጅ ሲኖር ነው።

ስለዚህ ፒያኖ ያለው መሥሪያ ቤት ኀላፊ አንድ ጠባቂ በጽሑፍ ሊሾምለት ይገባል። መክፈቻውን የሚወስድ ሰው ስሙንና ሰዓቱን በመዝገብ ይፈርም፤ ለተማሪዎችና ለዐዋቂዎች የታወቀ ሰዓት ይወሰንላቸው፤ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ፒያኖው ተቆልፎ ወፍራም ልብስ ይልበስ፤ ያለ ጠባቂው ፈቃድም ከስፍራው አይነቃነቅ። የበጋውና የክረምቱ አየር እጅግ ስለሚለያይ፥ ቃኚ ባለሙያ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያየው ገንዘቡ አስቀድሞ በበጀት ይያዝ። ደንቡም ከፒያኖው አጠገብ ተጽፎ ይሰቀል፤ አውቆ የሚያበላሽ ሰው ማሠሪያውን እንዲከፍል የሚፈረድበት፥ የተከለከለውን አስቀድሞ ሲያውቅ ነውና።

ይህ ሁሉ አንድ መዝገብ፥ አንድ ልብስና አንድ ታማኝ ሰው የሚጠይቅ ነገር ነው። ይህን ጥቂት ወጪ ያልወደደ መሥሪያ ቤት ግን፥ ጥቂት ቆይቶ የሚሰብርና የሚያስጠግን ሳይሆን ከናካቴው ድምፅ የሌለው ሣጥን ይቀርለታል።